ቁልፍ የተሰጠው ሌባ

ሌባ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በር ሰብሮ ይገባል። ሁለተኛው በሩን በቁልፉ ይከፍታል፣ መብራቱን ያበራል፣ ዘበኛውን «እንደምን አደርክ» ብሎ ያልፋል። ለመጀመሪያው አጥር እናጥራለን፣ ውሻ እናሳድጋለን፣ ዘበኛ እንቀጥራለን። ለሁለተኛው ግን ያዘጋጀነው ነገር የለም፤ ቁልፉን በእጁ ያስያዝነው እኛው ነንና። አባቶቻችን «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ሲሉ የመጀመሪያውን ሌባ ማሰባቸው አይመስለኝም።

ዛሬ የማነሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። ለዚያውም መምህር ነው። የሰረቀውም ወርቅ ወይም የባንክ ገንዘብ ሳይሆን ተማሪዎቹ የሚነፉትን ጥሩምባ ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ዘመኑም ከ2000 ወዲህ ያለው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።) በእነዚህ ዓመታት በአሜሪካ የአካባቢ ጋዜጦች ላይ አንድ ዓይነት ዜና ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከአንድም ሁለት ሦስት ቦታ ወጥቷል። ወላጆች የሚወዱት፣ ተማሪዎች የሚሳሱለት የሙዚቃ መምህር የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ መሣሪያዎች አስይዞ ገንዘብ ሲበደር ተገኘ። ለምን ሲባል፣ ሱስ።

የአንዱን ስም አንስቼ ገመናውን ልዘራ አልፈልግም። እሱን የከተማው ጋዜጣ አድርጎታል፤ ዳኛውም የድርሻውን ሰጥቶታል። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ የተማረ፣ ደመወዝ ያለው፣ የተከበረ ሰው የልጆችን ጥሩምባ ወደ መያዣ ሱቅ ተሸክሞ እስኪሄድ ድረስ ምን ምን መንገድ አልፎ ነው? መንገዱ ደግሞ የሰውየው ብቻ አይደለም። ሁለት መቶ ዓመት የሚሆነው የመድኃኒት ታሪክ አብሮት ይጓዛል።

«ምነው፣ ከጥሩምባ ሌላ የሚሰረቅ ጠፋ?» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ እንደ ሒሳብና እንደ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ትምህርት ቤቱ ባንድ አለው። ዓርብ ማታ በእግር ኳስ ሜዳ (የእነሱን እግር ኳስ ማለቴ ነው) ዩኒፎርም ለብሶ የሚሰለፈው ይኸው ባንድ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በሲያትል ዘመድ ያለው አንባቢ፣ የእህቱ ልጅ ክላርኔቱን በሣጥን አንጠልጥሎ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠብቅ የተነሳውን ፎቶግራፍ ሳያይ አልቀረም።

ትንንሾቹን መሣሪያዎች፣ ፍሉቱንም ክላርኔቱንም ትራምፔቱንም፣ ብዙውን ጊዜ ወላጅ በወር ኪራይ ይይዛል። ትልልቆቹን፣ ማለትም ቱባውን፣ ባሪቶን ሳክስፎኑን፣ ባሱኑን ግን የሚገዛው ትምህርት ቤቱ ነው። አንድ ቱባ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ የትኛው ወላጅ ይችለዋል? ከዚህም ሌላ ትምህርት ቤቶች ኪራይ ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች የሚያውሷቸው መሣሪያዎች አሏቸው። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ይህ ሁሉ ንብረት የሚቀመጠው በአንድ ክፍል ሲሆን የክፍሉ ቁልፍ በሙዚቃ መምህሩ ኪስ ነው። የትኛው ሳክስፎን በየትኛው ሣጥን እንዳለ፣ የትኛው እንደተሰበረ፣ የትኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳልነካው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከባሱንና ከኦቦ የቱ የቱ እንደሆነ ላይለይ ይችላል። ሌላው መምህር ተማሪውን አንድ ዓመት አስተምሮ ለሚቀጥለው ያስረክባል። የሙዚቃ መምህሩ ግን አንዱን ልጅ ሦስትና አራት ዓመት ይዞት ይዘልቃል። ከንፈሩን እንዴት እንደሚያሾል፣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚቆጥብ ያስተምረዋል፤ በየከተማው ለውድድር ይዞት ይጓዛል። ወላጅም ልጁን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከባንዱ ክፍል ሲወስድ የሚያየው እሱን ነው። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ ለእነዚያ ልጆች የኔታ ማለት እሱ ነው።

ታዲያ የኔታ ምን ሆነ?

ስለ መያዣ ሱቅ ጥቂት ልበል። በአሜሪካ የመያዣ ሱቅ ማለት ዕቃህን አስይዘህ ገንዘብ የምትበደርበት ቤት ነው። ከዕቃው ዋጋ ጥቂቱን ይሰጡሃል፣ ወረቀት ይቆርጡልሃል፤ በቀጠሮው ቀን ብድሩን ከነወለዱ ከመለስክ ዕቃህን ትወስዳለህ፣ ካልመለስክ ዕቃው የሱቁ ሆኖ ይሸጣል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕጉ ባለሱቁን አስያዡን መታወቂያ እንዲጠይቅ፣ የዕቃውንም መለያ ቁጥር መዝግቦ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። የሙዚቃ መሣሪያ ደግሞ ቁጥሩ ከነሐሱ ላይ ተቀርጾ ነው የሚወጣው። እንግዲህ አስቡት። የተማረው ሰው በገዛ መታወቂያው፣ በገዛ ፊርማው፣ ቁጥር የተቀረጸበትን የትምህርት ቤት ንብረት አስይዞ ይወጣል። ከዚህ የበለጠ ጅል ሌብነት አለ?

ጅልነት ግን አይመስለኝም። ሌባ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ዕቃውን ይሸጣል። የሚያስይዝ ሰው ግን እመልሰዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል የገባ ነው። «ደመወዝ ሲወጣ አወጣዋለሁ። በክረምቱ ማን ያየዋል? ለጥገና ልኬዋለሁ እላለሁ።» የመያዣ ሱቅ ወረቀት ለሱሰኛ ዕቃ ማውጫ ብቻ አይደለም፤ ኅሊና ማባበያም ነው። እጁ ላይ እስካለች ድረስ አልሰረቀም፣ ተበደረ እንጂ። ደመወዙ ወጥቶ የመጀመሪያውን ዕቃ ከማውጣት ይልቅ ሁለተኛውን ያስይዛል። ከዚያ ሦስተኛውን። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ቱባውን ፈልጎ ሣጥኑን ሲያነሳው ቀልሎ ይነሳለታል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከ2011 ጀምሮ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ካሉ ትምህርት ቤቶች ቱባ እየተመረጠ ይሰረቅ ነበር። ምክንያቱ በሜክሲኮ ባንዳ ሙዚቃ ውስጥ ቱባ እጅግ ተፈላጊ መሆኑ ነው ተባለ። ነገሩ ገርሟቸው ፊልም ሳይቀር የሠሩበት አሉ። ያ የመጀመሪያው ዓይነት ሌባ ሥራ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ መቆለፊያ አጠናከሩ፣ ሰንሰለት ጨመሩ። የኛን መምህር ግን የትኛው መቆለፊያ ይመልሰዋል?

አሁን ወደ ሱሱ እንግባ። ጠዋት ቡናውን ያልጠጣ ሰው «ሱሴን አልወጣሁም» ብሎ ሲነጫነጭ፣ ግንባሩን ይዞ ሲቀመጥ ያላየ የለም። ያንን በመቶ አባዙት። ከኦፒየም ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ደጋግሞ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃውም። ሲያቋርጠው ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ያዛጋዋል፣ ያልበዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ሆዱን ያጥበዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። መጀመሪያ ላይ ለደስታ ወይም ለህመም የወሰደው ሰው ኋላ ላይ የሚወስደው እንደ ሰው ቆሞ ለመሄድ ብቻ ነው። ደስታው ካለፈ ቆይቷል።

ይህ ነገር የተጀመረው በመጥፎ ሰዎች አይደለም። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፍሪድሪሽ ሰርቱርነር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ከኦፒየም ውስጥ ኃይለኛውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፊየስ ስም ተሰይሞ ሞርፊን ተባለ። በ1850ዎቹ የመርፌ መውጊያ ሲጨመርበት ሐኪሞች ተአምር በእጃቸው የገባ መሰላቸው። ሕመሙን ማዳን ባይችሉም ሥቃዩን በደቂቃ ጸጥ ማድረግ ቻሉ! ያ ተአምር በአሜሪካ ያፈራውን የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ ኮርትራይት ቆጥሮታል። እስከ 1914 ባለው ጊዜ የኦፒየምና የመሰሎቹ ሱሰኞች ቁጥር ሲበዛ 313 ሺህ ቢደርስ ነው ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነዚህ የሚበዙት የጎዳና ወሮበሎች አልነበሩም። ለራስ ምታት፣ ለወር አበባ ሕመም፣ ለእንቅልፍ ማጣት ከቤተሰብ ሐኪማቸው እጅ ሞርፊን የተቀበሉ የተከበሩ እመቤቶች ነበሩ። ቁልፉን የሰጣቸው የሚያምኑት ሰው ነው።

ከሐኪሞቹም ያመለጠ የለም። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መምህር የነበረው ዊሊያም ሃልስቴድ እስከ ዛሬ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች አባት ይባላል። የጎማ ጓንት በቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲለመድ ያደረገ፣ ወጣት ቀዶ ሐኪሞች ደረጃ በደረጃ የሚሠለጥኑበትን ሥርዓት የተከለ ሰው ነው። በ1884 ኮኬይን ለማደንዘዣ ይሆን እንደሆነ በራሱ ላይ ሲሞክር ሱሰኛ ሆነ። ከኮኬይን ሊላቀቅ ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ደግሞ የሞርፊን ሱሰኛ ሆኖ ወጣ። በ1922 እስኪሞት ድረስ ጨርሶ አልተወውም ነው የሚባለው። የሚያውቁት ጥቂት ወዳጆቹ ምስጢሩን ጠበቁለት፤ ባልደረባው ዊሊያም ኦስለር የጻፈው ማስታወሻ ታትሞ ጉዳዩ አደባባይ የወጣው በ1969 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሃልስቴድና የጥሩምባው መምህር ሁለቱም መምህራን ናቸው፣ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ሱሰኞች ናቸው። አንደኛው በታሪክ መጽሐፍ፣ ሁለተኛው በፖሊስ መዝገብ ተጻፈ። ልዩነቱ የጠባይ ነው? አይመስለኝም። ሃልስቴድ ለሞርፊኑ ጥሩምባ ማስያዝ አላስፈለገውም፤ የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ከጎኑ ነበረ፣ ወዳጆቹም ሸሸጉት። ሱስ ሰውን ሌባ የሚያደርገው ዕጹ ሲወደድና ሲሸሸግ ነው። ይህን ስል የሰረቀውን ነጻ ነህ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱን አስተያይቼ ነው።

ሞርፊን ሱስ እንደሚያስይዝ ሲታወቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ሱስ የማያስይዝ ማስታገሻ ፍለጋ ወጡ። የጀርመኑ ባየር በ1898 አንድ አዲስ የሳል መድኃኒት ለገበያ አቀረበ። ስሙን «ጀግና» ከሚለው ቃል አውጥቶ ሄሮይን አለው። አዎን፣ ያው የምናውቀው ሄሮይን! በወቅቱ ከሞርፊን የተሻለ፣ አደጋው ያነሰ ነው ብለው ያሞገሱት ሐኪሞች ነበሩ። አሜሪካ በ1914 መጨረሻ የሃሪሰንን ሕግ አውጥታ እነዚህን መድኃኒቶች በቁጥጥር ሥር አደረገች፤ በ1924 ደግሞ ሄሮይን መሥራትን ጨርሳ ከለከለች። በሕጉ ማግስት ለሱሰኛ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ራሱ ይከሰስ ጀመር። ሱሰኛው ከሐኪም ደጃፍ ተባርሮ ወደ ጎዳና ወረደ።

ከጎዳናው ላይ ካገኛቸው መካከል የሙዚቃ ሰዎች ነበሩ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የጃዝን ታሪክ የሚያነብ ሰው በየገጹ ሄሮይን ይጠብቀዋል። ቻርሊ ፓርከር በ1936 ገና በ16 ዓመቱ በመኪና አደጋ ጎድኑ ተሰበረ፤ ከዕጹ ጋር የተዋወቀው ያኔ ለሕመሙ በተሰጠው ማስታገሻ ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኑ ከሱስ ጋር ግብግብ ነው። ሳክስፎኑን እያስያዘ፣ የሰው እየተዋሰ መድረክ ይወጣ ነበር። በ1953 በቶሮንቶ በተደረገውና እስከ ዛሬ በሚወራለት ኮንሰርት ላይ የነፋው ከፕላስቲክ የተሠራ ሳክስፎን ነው። በ1955 ሲሞት ዕድሜው 34 ነበር፤ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን ከ50 ዓመት በላይ ገምቶት ነበር። የባሰው ነገር ደግሞ ብዙ ወጣት ሙዚቀኞች «እንደ እሱ ለመንፋት እንደ እሱ መውሰድ ነው» ብለው መከተላቸው ነው። እሱ ራሱ እንዳይነኩት ይመክራቸው ነበር፤ ግን ማን ይስማው?

እዚያው ዘመን ውስጥ የዳኑም አሉ። በ1935 በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ የአሜሪካ መንግሥት ግማሹ እስር ቤት ግማሹ ሆስፒታል የሆነ ግዙፍ የሱሰኞች ተቋም ከፈተ። በዚያ በር ያለፉ የጃዝ ሰዎች ብዙ ከመሆናቸው የተነሳ ውስጡ ያለው ባንድ ከውጪው ይበልጣል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ሳክስፎን ነፊው ሶኒ ሮሊንስ በ1955 እዚያ ገብቶ ወጣ፤ ከዚያም ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። ጆን ኮልትሬን በ1957 በሱሱ ምክንያት ከማይልስ ዴቪስ ቡድን ከተባረረ በኋላ ሱሱን ተወ፤ ዝነኛ ሥራዎቹን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሱሰኛ አይድንም የሚል ሰው ካለ እነዚህን ሁለቱን ይጠይቅ።

ፓርከር ያስያዘው የራሱን ሳክስፎን ነው። ማታ ባዶ እጁን ቢቀር የሚያፍረው እሱ፣ የሚራበው እሱ ነው። የኛ መምህር ያስያዘው የሌላውን ሰው ትንፋሽ ነው። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነገሩ ከጃዝ ቤት ጓዳ ወጥቶ የትምህርት ቤት መምህር ቤት እንዴት ገባ? መልሱ እንደገና የሚወስደን ወደምናምነው ነጭ ጋዋን ነው።

በ1980 አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የአንባቢ ደብዳቤዎችን በሚያስተናግድበት ገጽ ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ያላት አጭር ደብዳቤ አወጣ። በሆስፒታል ተኝተው ከእነዚህ ማስታገሻዎች ቢያንስ አንዴ ከወሰዱ 11 ሺህ 882 ሕመምተኞች ውስጥ በግልጽ ሱስ የያዛቸው አራት ብቻ ናቸው ትላለች። በሆስፒታል፣ በሐኪም ዓይን ሥር፣ ለአጭር ጊዜ ስለተሰጠ መድኃኒት የተጻፈች ናት። ሆኖም በኋላ ዘመን ሰዎች ደብዳቤዋን ከ600 ጊዜ በላይ እየጠቀሱ፣ አብዛኞቹም ቤቱ ወስዶ ለወራት ለሚውጠው ሰው ጭምር ማስረጃ አድርገው አቀረቧት። አምስት ዓረፍተ ነገር ምን ያህል አገር እንደሚያፈርስ ያየ ሰው ለሚጽፈው ነገር ይጠነቀቃል።

በ1995 መጨረሻ ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለውን እንክብል አስፈቀደ፤ በ1996 ገበያ ላይ አዋለው። መድኃኒቱ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ለሱስ የሚያጋልጥበት ዕድል ያነሰ እንደሚሆን ይታመናል የሚል ቃል በመግለጫው ላይ ተጽፎለት ነበር። ሻጮቹ ከሐኪም ሐኪም ዞሩ። በ1996 የ48 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሽያጭ በ2000 ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ከሱስ ውጪ የሆነ ሕመም ያላቸው ሰዎች ናቸው የተቀበሉት። ወገቡን የታመመ፣ ጥርሱን የተነቀለ፣ ጉልበቱን የተቀደደ። ሐኪሙ አዘዘ፣ ፋርማሲው ሸጠ፣ ኢንሹራንሱ ከፈለ። ቱባ ሲያወርድና ሲጭን ወገቡን የተቀጨ የሙዚቃ መምህር ቢኖር፣ ይህችን እንክብል የማይቀበልበት ምን ምክንያት ነበረው?

ሐኪሙ ደንግጦ ማዘዣውን ሲያቋርጥ ደግሞ የጎዳናው ገበያ ይጠብቃል። በጎዳና ዋጋው በአንድ ሚሊግራም አንድ ዶላር ያህል ነበር ይባላል። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ባለ 80 ሚሊግራሟን በቀን ሁለት የሚወስድ ሰው በቀን 160 ዶላር፣ በወር 4 ሺህ 800 ዶላር ያስፈልገዋል። በ2010 ገደማ የአንድ የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር አማካይ ደመወዝ በዓመት 55 ሺህ ዶላር ያህል ነበር፤ በወር ሲካፈል ግብር ሳይነሳለት 4 ሺህ 600 ይሆናል። ቤት ኪራይ የለ፣ ምግብ የለ፣ ልጅ የለ። ደመወዙ በሙሉ ቢገባበት እንኳ 200 ዶላር ይጎድላል። ያቺ ጉድለት ናት እንግዲህ ዓይኗን ወደ ቱባው የጣለችው።

በ2010 ኩባንያው እንክብሉ እንዳይፈጭ አድርጎ ሲያሻሽለው ብዙዎች ወደ ርካሹ ሄሮይን ዞሩ። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ፈንታኒል የሚባለው እጅግ ኃይለኛ ዕጽ ገበያውን ወረሰው። ከ1999 እስከ 2023 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ከኦፒየም ቤተሰብ በሆኑ መድኃኒቶችና ዕጾች 800 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል። በ2024 የሟቾቹ ቁጥር በከፍተኛ መጠን መቀነሱ ተመዝግቧል፤ እግዚአብሔር ያሳንሰው እንጂ ገና አላለቀም።

ቅጣቱስ? በ2007 ኩባንያው መድኃኒቱን በተሳሳተ መንገድ አስተዋውቄያለሁ ብሎ ጥፋቱን አመነ። ከሦስት ኃላፊዎቹ ጋር የከፈለው 600 ሚሊዮን ዶላርን ያለፈ ነው። ኃላፊዎቹ ግን አንድም ቀን አልታሰሩም። በ2020 ኩባንያው ለሁለተኛ ጊዜ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ አሁንም የታሰረ የለም። ባለቤቶቹ፣ የሳክለር ቤተሰብ፣ ጥፋት የለብንም ብለው ሲከራከሩ ቆይተዋል። ከኪሳራ ክርክሩ ጋር የተያያዘውን የመጀመሪያ ስምምነት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ውድቅ ካደረገው በኋላ፣ በ2025 7.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስከፍል አዲስ ስምምነት ጸድቋል። የጥሩምባው መምህርስ? በካቴና ታስሮ ፎቶው በጋዜጣ ወጣ፤ ከሥራው ተባረረ፤ የማስተማር ፈቃዱን አጣ። ትልቁ ዓሣ መረቡን ቀዶ ሲያልፍ የሚያዘው ትንሹ ነው።

ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ግን ቀላሉን መንገድ መያዜ ነው። «ጥፋቱ የኩባንያው ነው፣ መምህሩ ምን ያድርግ?» ማለት ያምራል። ያቺን ኋላ እመለስባታለሁ ያልኳትን ነገር እናስታውስ። መምህሩ ያስያዘው የማንን መሣሪያ ነው? ኪራይ የሚከፍል ወላጅ ያለው ልጅ ክላርኔቱን ማታ ቤቱ ይወስዳል። ክፍሉ ውስጥ የሚያድረው የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ ይህም ማለት ቱባ የሚነፋው ልጅና መግዣም መከራያም የሌለው ልጅ መሣሪያ ነው። ሌብነቱ ዞሮ ዞሮ ያረፈው ከሁሉም ደሃው ልጅ ትንፋሽ ላይ ነው። ኢንሹራንስ ቱባውን ሊተካ ይችላል። ያ ልጅ «አንተ ተሰጥኦ አለህ» ያለው የመጀመሪያው ሰው ሌባ ሆኖ ሲገኝ ግን «ተሰጥኦ አለህ» ያለኝም ውሸቱን ነበር ብሎ ማሰቡ ይቀራል? ይህንን የሚተካ ኢንሹራንስ አልሰማሁም።

ስለዚህ መጠየቁ ይጠየቅ። ጥያቄው ከሱ በፊት ምን በር ነበረው የሚለው ነው። እዚያው አሜሪካ ሐኪም ሱሰኛ ሲሆን የሚሄድበት በር አለ። በየግዛቱ ለሐኪሞች የተቋቋሙ ፕሮግራሞች ያሉ ሲሆን ሐኪሙ ራሱን ካጋለጠ ይታከማል፣ ለዓመታት በድንገተኛ ምርመራ ይከታተሉታል፣ ከጸና ወደ ሥራው ይመለሳል። በ2008 በታተመ ጥናት እንዲህ ከተያዙ 904 ሐኪሞች ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል በአምስት ዓመት ክትትል አንድም ጊዜ ዕጽ አልተገኘባቸውም። ለአብራሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሕክምናውም ቢሆን የለም የሚባል አይደለም፤ ሜታዶን ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ ቡፕረኖርፊን ደግሞ ለሱስ ሕክምና ከ2002 ጀምሮ በአሜሪካ ይሰጣል። መምህሩ ግን «ታምሜያለሁ፣ ሱስ ይዞኛል» ብሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቢገባ ምን ይገጥመዋል? ሐኪሙን የሚጠብቀውን ዓይነት በር ለመምህር ማን ከፈተለት? «ከልጆች ጋር የሚሠራ ሱሰኛ» የሚለውን ቃል የሰማ ወላጅ የሚለው ይታወቃል። መምህሩም ይህንን ስለሚያውቅ ዝም ይላል። ዝም ሲል ገንዘብ ያስፈልገዋል። ገንዘብ ሲያስፈልገው ቁልፉ ኪሱ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቁልፍ የያዘን ሰው መቆጣጠር እሱን አለማመን አይደለም። በዓመት ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ገብቶ ሣጥኑን ቢቆጥር ሐቀኛው አይከፋውም፤ ሊወድቅ የተቃረበውንም ከሁለተኛው ቱባ በፊት ይይዘዋል። የመጀመሪያው ቱባ ላይ የተያዘ ሰው ለሕክምናም ለይቅርታም ቅርብ ነው። ሁለተኛው፣ «ሱስ አያስይዝም» የሚል ቃል ይዞ የሚመጣ ማስታገሻ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ አታሏል። ሞርፊን ከኦፒየም ይሻላል ተባለ፣ ሄሮይን ከሞርፊን ይሻላል ተባለ፣ ኦክሲኮንቲን ከሁሉም ይሻላል ተባለ። አራተኛው ሲመጣ ቢያንስ እንዲምል እናድርገው።

መምህሩን አምነን ቁልፍ ሰጥተነዋል። እሱም ሐኪሙን አምኖ እንክብሉን ዋጠ፤ ሐኪሙም ኩባንያውን አምኖ አዘዘ። በዚህ ሁሉ መተማመን ውስጥ አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ማንንም ያላታለለው ልጅ፣ ባዶ ሣጥን ይዞ ቀረ። ቁልፍ የምንሰጠውን ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ እሱንም «ደህና ነህ ወይ?» ብለን ብንጠይቀው ኖሮ፣ ያ ሣጥን ባዶ ላይሆን ይችል ነበር።

ቸር ይግጠመን።